የማካፈል ምልክት

ወረታ የገባሁት በደርግ ጊዜ፣ መስከረም ሊጠባ ሳምንት ሲቀረው ነው። ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። በአንድ ትምህርት ቤት በታይፕ ጸሐፊነት ተመድቤ ከደብረ ማርቆስ መጣሁ። እናቴን ገና በልጅነቴ አጥቻታለሁ፤ አባቴ ደግሞ ካረፈ ዓመት አልሞላውም። የቀረችኝ አንዲት አክስት ነበረች፤ እሷም “ሂጂ፣ እንጀራሽ ካለበት አገር አይመረጥም” ብላ ሸኘችኝ።

ከባሕር ዳር የተሳፈርሁበት አውቶቡስ ወደ ሜዳው ሲወርድ በመስኮቱ ግራና ቀኝ የማየው ሁሉ ውሃ ነው። ዛፎቹ እስከ ወገባቸው ውሃ ውስጥ ቆመዋል። ከብቶች አንዲት ጉብታ ላይ ተጠጋግተው ጅራታቸውን ያወዛውዛሉ።

“ጣና ይህ ነው?” አልኋት አጠገቤ የተቀመጠችውን ሴት።

“ጣናስ ወዲያ ነው፤ ይህ የኛ እርሻ ነው” አለችና ሳቀች። “ጥቅምት ይምጣ፣ ያን ጊዜ ታይዋለሽ።”

ወረታ ላይ ወረድሁ። ሴትዮዋ ወደ ጎንደር መንገዷን ቀጠለች። በዚያ ከተማ እንደሷ የሚስቅልኝ ሰው ለማግኘት ከዚያ በኋላ ብዙ ቆየሁ። ሰዉ ክፉ ሆኖ አይደለም። ሰላምታውን አይነፍገኝም፣ መንገድ ብጠይቀው ያሳየኛል፣ ብታመም ይጠይቀኝ ነበር። ግን ሁሉም የራሱ ሰው አለው። ቅዳሜ ገበያ ሲቆም የሚያውቀውን ይፈልጋል፣ ሲገናኝ ሦስት ጊዜ ይሳሳማል፣ ወሬውን እያወራ ያልፋል። እኔ ከገበያው ጀርባ በተከራየኋት ክፍል ደጃፍ ቆሜ አያለሁ። ዓርብ ከሥራ ወጥቼ እስከ ሰኞ ጠዋት ካንድ ሰው ጋር ቃል ሳልለዋወጥ የምውልበት ሳምንት ብዙ ነበር። ሰኞ ለዘበኛው “እንደምን አደሩ” ስል ድምፄ ተዘግቶ እኔኑ ያስደነግጠኛል።

የተሰጠኝ ቢሮ ጠባብ ነበረች። አንድ የአማርኛ ታይፕ፣ አንድ በእጅ የሚዞር ማባዣ፣ አንድ ቁም ሣጥን። ሥራዬ ደብዳቤ መጻፍ፣ የስብሰባ ቃለ ጉባኤ መያዝ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ፈተና ማዘጋጀት ነው። ፈተና የሚጻፈው ስቴንስል በሚባል ሰም የተቀባ ስስ ወረቀት ላይ ነበር። የታይፑ ፊደል ሰሙን ይበሳዋል፤ ወረቀቱ ማባዣው ላይ ይታሰራል፤ መዘውሩን ስታዞሪው ቀለሙ በተበሳው በኩል ያልፍና ይታተማል። ያልተበሳ ነገር አይታተምም።

ችግሩ ሒሳብ ላይ ነው። ታይፑ ፊደልና ቁጥር አለው እንጂ የሒሳብ ምልክት የለውም። ክፍልፋይ የለው፣ ማዕዘን የለው፣ ማካፈል የለው። ከእኔ በፊት የነበረው ጸሐፊ ለዚህ መላ ዘይዶ ነበር። የዘይት ቆርቆሮ ቀዶ፣ አስተካክሎ፣ በምስማርና በምላጭ ምልክቶቹን ፈልፍሎበታል። ለርዕስ የሚሆኑ ተለቅ ያሉ ፊደላትም ነበሩበት። ቆርቆሮውን ስቴንስሉ ላይ አስቀምጠሽ፣ ጫፉ ብረት በሆነ ብዕር የተፈለፈለውን ቅርጽ ተከትለሽ ትጭሪያለሽ። ሰውዬው ተዛውሮ ሲሄድ ቆርቆሮውን መሳቢያ ውስጥ ትቶልኝ ሄደ። ፊደሎቹ ውፍረታቸው አንድ አይደለም፤ አንዱ ሸንበቆ፣ አንዱ ግንድ። ጠርዙ ስቴንስሉን ይቦጭቀዋል። ዓመት በዓመት የተጠራቀመ ሰም ደግሞ ቀዳዳዎቹን ይደፍናቸዋል። ቢሆንም እኔ ሌላ አልነበረኝም፤ በሱ ሠራሁ።

የስድስተኛ ክፍል የሒሳብ መምህር ሐሙስ ሐሙስ ፈተናውን በእጁ ጽፎ ያመጣልኝ ነበር። ከሐረር በኩል የመጣ፣ ከእኔ ጥቂት ዓመት የሚበልጥ ሰው ነው። የእጅ ጽሑፉ እጅግ ያምራል። እሱም እንደኔ ዘመድ የለውም፤ ምሳውን መንገድ ዳር ካለው ሻይ ቤት ብቻውን ሲበላ አየዋለሁ። እሱ “አንቺ” ይለኛል፣ እኔ “እርስዎ” እለዋለሁ። በዚህ ምክንያት ይሁን በሌላ፣ ከሥራ ያለፈ ወሬ በመካከላችን አልነበረም።

አንድ ቀን ስጭር ቆሞ አየና፣ “ይቺ ቆርቆሮ አርጅታለች” አለ።

“እስክትሰበር ትሠራለች” አልሁት።

“እሷ አትሰበርም፤ ችግሩ አለመሰበሯ ነው” ብሎ ወረቀቱን አስቀምጦ ወጣ።

በጥር የግማሽ ዓመቱ ፈተና ደረሰ። የሁሉም ክፍል ሥራ ባንድ ሳምንት ተቆልሎብኝ ነበር። የስድስተኛ ክፍል ሒሳብ የመጨረሻው ነው። ጫርሁ፣ አሰርሁ፣ አዞርሁ። የመጀመሪያውን ቅጂ አውጥቶ ማንበብ ደንብ ነበር፤ መምህሩም አይቶ መፈረም ነበረበት። ያን ዕለት እሱም የሌላ ክፍል ፈተና ሊቆጣጠር ቸኩሏል፣ እኔም ደክሞኛል። አላነበብሁም። እሱም ሳያይ ፈረመ።

አድልዎ እንዳይኖር ተብሎ ወረቀቱን የሚያርመው ሌላ መምህር ነበር። መልሱ በዝርዝር ተጽፎ ይሰጠዋል፤ ከዝርዝሩ ጋር እያስተያየ ያርማል። ውጤቱ ግድግዳ ላይ ሲለጠፍ ከስድስተኛ ክፍል ልጆች በሒሳብ ያለፉት በጣት የሚቆጠሩ ሆኑ። የልጆቹ ግርግር ከቢሮዬ ድረስ ይሰማ ነበር። አንዳንድ አባቶች ከገጠር በእግራቸው መጥተው ደጃፍ ላይ ቆሙ። ዱላቸውን ተደግፈው፣ “ልጃችን ምን አጠፋ?” ይሉ ነበር።

በሳምንቱ ስብሰባ ተጠራ። ያን ጊዜ ሒስና ግለ ሒስ የሚባል ነገር ነበር፤ አጥፍቷል የተባለ ሰው ተነሥቶ በሰው ፊት ራሱን ይወቅሳል። ዲሬክተሩ ውጤቱን አነበበ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ፈሪ ግን ነበር። ውጤቱን ለአውራጃው ጽሕፈት ቤት አስቀድሞ ልኮታል።

“ጓድ መምህር፣ ይህን ምን ትላለህ?” አለው።

የሒሳብ መምህሩ ተነሣ። እኔ ጥግ ተቀምጬ ቃለ ጉባኤ እይዛለሁ።

“ጥፋቱ የኔ ነው” አለ። “በደንብ አላስተማርኋቸውም። ልጆቹ ግን በኔ ጥፋት መውደቅ የለባቸውም። አንድ ወር ይሰጠኝ፤ ከሰዓት በኋላ አስጠናቸውና እንደገና ይፈተኑ።”

ጥቂት ተከራከሩ። በመጨረሻ ተፈቀደለት። ግለ ሒሱ ግን በጽሑፍ ወጥቶ አውራጃው ባለው ፋይሉ ውስጥ እንዲቀመጥ ተወሰነ። ጽሑፉን የማወጣው እኔ ነኝ።

በማግሥቱ ታይፑ ላይ ተቀመጥሁ። “በደንብ አላስተማርኋቸውም” የሚለውን ቃል ፊደል በፊደል መታሁት። ከቃለ ጉባኤው ጋር የፈተናው አንድ ቅጂ መያያዝ ስለነበረበት ከቁም ሣጥኑ አወጣሁ። ያን ጊዜ ነው ያየሁት። ሰማንያ አራት ለሰባት የሚለው ጥያቄ ላይ የማካፈል ምልክቱ የለም። ሰረዟ ብቻ ናት ያለችው። ከላይና ከታች ያሉት ሁለት ነጥቦች አልታተሙም። ሰማንያ አራት ሲቀነስ ሰባት ሆኗል። ወደሚቀጥለው ወረድሁ፤ እንዲሁ ነው። ከጥያቄው ግማሹ ማካፈል ነበርና ግማሹ መቀነስ ሆኗል። ልጆቹ ያዩትን በትክክል ቀንሰዋል።

ቆርቆሮውን ወደ መስኮቱ አንሥቼ በብርሃን አየሁት። ሁለቱ ቀዳዳዎች በሰም ድፍን ብለዋል።

የተሰማኝን እንዴት ልናገረው? መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ የሚያኮራ አይደለም። ማንም አላየኝም አልሁ። ልጆቹ እንደገና ይፈተናሉ፣ ያልፋሉ፣ ነገሩ ይረሳል። በዚያ ላይ ጊዜው መጥፎ ነው። “አሻጥር” የምትባል ቃል ነበረች፤ በሰው ላይ ከተለጠፈች የምትፋቅ አይደለችም። ብታሠር እንኳ ስንቅ የሚያቀብለኝ ሰው የለኝም ብዬ ፈራሁ። ቅጂውን አጣጥፌ ከቃለ ጉባኤው ጋር አያያዝሁና መሳቢያውን ቆለፍሁ።

ከዚያ ወዲያ የሰው ዓይን መጋፈጥ ፈራሁ። የሒሳብ መምህሩ ከሰዓት በኋላ ልጆቹን ሰብስቦ ሲያስተምር ድምፁ በመስኮቴ ይገባል። “እንግዲህ ለአራት ሰው እናካፍለው” ይላል። መስኮቱን እዘጋለሁ።

አንድ ነገር ግን ቆረጥሁ፤ በዚያ ቆርቆሮ ሁለተኛ ፈተና አላወጣም። አዲስ መሥራት አለብኝ። ካርቶን ሞከርሁ፤ ጠርዙ ሳሳና ተቀደደ። ሌላ ቆርቆሮ ሞከርሁ፤ ስቴንስሉን ቦጨቀው። የባሰው ደግሞ ቅርጹ ራሱ ነው። “መ”ን ስፈለፍል ሆዷ ወድቆ ቀዳዳ ብቻ ይቀራል። “ወ”ም፣ “ዐ”ም እንዲሁ። ውስጡን ከውጩ ጋር የሚያገናኝ ድልድይ መተው አለብኝ፤ የት ልተው? ያልሆነ ቦታ ስተወው ፊደሉ አካሉ የጎደለ ይመስላል።

ዘበኛው የቁሐር ሰው ነበሩ። ምላጭና ካርቶን ይዤ ስታገል ሲያዩኝ ሰነበቱና አንድ ቀን፣ “የፊደል ነገር ከሆነ ቁሐር ሚካኤል ቁም ጸሐፊ አሉ። ሽማግሌ ናቸው፤ ዛሬም ብራና ይጽፋሉ” አሉኝ። “ስትሄጂ ግን ለዲሬክተሩ አትንገሪ።”

የቢሮ ሠራተኛ ቤተ ክህነት መመላለሱ ያን ጊዜ አይወደድም ነበር። እሑድ ነጠላዬን ተከናንቤ ገበያ የምሄድ መስዬ ወጣሁ። ውሃው ከሸሸ ቆይቷል። ያ ሁሉ ባሕር የነበረው መሬት ጥቁር ሆኖ ተሰነጣጥቋል፤ በእርጥቡ በኩል ጓያና ሽምብራ ለምልሟል። ከብቶቹ ሰብሉ በተነሣበት ማሳ ላይ ተበትነዋል። የጠዋቱ ብርድ ሳይለቅ ደረስሁ።

ጸሐፊው ከደጀ ሰላሙ ራቅ ባለች ጎጆ ደጅ፣ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ቆዳ በእንጨት ላይ ተወጥሮ አጠገባቸው ቆሟል። ሚስታቸው ከሞቱ ብዙ ዘመን ነው፤ ልጅ አልነበራቸውም። ዓይናቸው ስለደከመ የሚጽፉት ጠዋት ብቻ ነበር።

“የኔታ፣ ፊደል መቅረጽ ቸግሮኝ ነው የመጣሁት” አልኋቸው።

“ፊደል ይጻፋል እንጂ ይቀረጻል እንዴ?”

ቆርቆሮውን ሰጠኋቸው። ተቀብለው ወደ ፀሐይ አነሡት፤ ብርሃኑ በቀዳዳዎቹ አልፎ ጋቢያቸው ላይ ፊደል ሠራ። ረጅም ጊዜ አዩት።

“ይህን የሠራ ሰው ቸኩሏል” አሉ። “ለያንዳንዱ ፊደል ሌላ ብርዕ ይዟል። ይህስ ምንድን ነው? ከፊደል ወገን አይደለም።”

ጣታቸው ያረፈው በዚያው ነጥቦቹ በተደፈኑት ምልክት ላይ ነበር። ደነገጥሁ።

“ማካፈል ነው፣ የኔታ። ይህን ያህል ነገር ለዚህን ያህል ሰው ሲከፈል ማለት ነው።”

“ድምፁ ምን ይላል?”

“ድምፅ የለውም።”

“ድምፅ የለው፣ ሥራ ግን አለው” አሉና ተነሥተው ወደ ጎጆው ገቡ። አንድ የዜማ መጽሐፍ ይዘው ወጡ። ከጽሑፉ በላይ ጥቃቅን ነጥብና ጭረት ተደርድሯል። “ይህም ለብቻው አይነበብም። ነገር ግን ይህች ነጥብ ብትጠፋ ዜማው ሌላ ይሆናል፤ ዘማሪው ግን የጎደለበትን አያውቅም፣ ያየውን ይላል። ጥፋቱ የማን ነው?”

“የጸሐፊው” አልሁ።

“የጸሐፊው ነው” አሉ፣ መጽሐፉን እየከደኑ።

ከዚያ በላይ መሸከም አቃተኝ። ለማንም ያልነገርሁትን እዚያው ነገርኋቸው። ልጆቹን፣ መምህሩን፣ የቆለፍሁትን መሳቢያ። ሳያቋርጡ ሰሙኝ። ይገሥጹኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። እሳቸው ግን፣ “እኔም በወጣትነቴ አንድ ሙሉ መስመር ዘልዬ መጽሐፉ ለደብሩ ከተሰጠ በኋላ አየሁት” አሉ። “ሦስት ዓመት ዝም አልሁ። እዚያው ደብር እየቀደስሁ ዝም አልሁ። በኋላ ብናገር ጊዜ ገሥጸው አሳረሙኝ፣ አለቀ። ያ ሦስት ዓመት ግን ለማንም አይመከር። በይ አሁን ወረቀት አምጪ።”

ሦስት እሑድ ተመላለስሁ። ብርዑን እንዴት እንደሚቆርጡት አሳዩኝ፤ ባንድ ብርዕ ፊደሉንም ምልክቱንም ጻፉልኝ። “ምልክት ትንሽ ነው ተብሎ አይቀጥንም፤ የፊደሉ ወንድም ነው” ይሉ ነበር። “መ”ን በዝግታ ሲጽፉ እጃቸውን ስመለከት፣ ክቡን ሲዞሩ ብርዑ ከወረቀቱ የሚነሣባቸው ሁለት ቦታዎች አሉ። “ድልድይሽን እዚህ ተይው” አሉኝ። “እጅ በሚያርፍበት ቦታ ዓይንም አይሰናከልም።” ሰባቱን ቤት ሁሉ መፈልፈል ስለማልችል ግዕዙን ብቻ ሠርቼ ቅጥያዎቹን ለብቻ ላደርግ ፈለግሁ። እሱንም አላለፉልኝም። “ሉ ከወገቡ ነው፣ ሩ ከእግሩ ነው። የሁሉም እጅ ካንድ ቦታ አይበቅልም” ብለው ለያንዳንዱ መነሻውን በወስፌ ነጥብ አሳዩኝ።

ቀጭን፣ ለስላሳ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ነገር ነበር የሚያስፈልገኝ። እንዲህ ያለ ነገር አንድ ብቻ ነበረኝ። አባቴ ሲያስለው ሆስፒታል ወስጄው የተነሣው የደረቱ ራጅ። ሐኪሙ መስኮት ላይ አንሥቶ አየው፣ ወደ ፖስታው መለሰውና ሰጠኝ። አባቴ ከሞተ በኋላ ለምን እንዳስቀመጥሁት አላውቅም፤ ፎቶግራፍ አልነበረውምና ይሆናል። ሣጥኔ ውስጥ ከልብሴ ሥር ነበር።

ሁለት ቀን አሰብሁበት። በሦስተኛው ቀን ከሥራ ስወጣ አወጣሁትና ደጃፌ ላይ ቁጭ ብዬ በምላጭ ጀመርሁ። መጀመሪያ ዳር ዳሩን፣ አጥንት የሌለበትን ጥቁሩን ሠራሁ። ቁጥሮቹና አርእስቱ እዚያ በቁ። ቦታው ሲያልቅ ወደ ትከሻው፣ ቀጥሎም ወደ ጎድኑ ገባሁ። አለቀስሁ ብዬ አልዋሽም። ምላጩ ወዲያ ወዲህ እንዳይል ሐሳቤ ሁሉ እጄ ላይ ነበር። ብቻ በልጅነቴ እንደማደርገው፣ ሥራዬን ጨርሼ ለአባቴ ላሳየው የምሄድ ያህል ደስ ደስ አለኝ። የማሳየው ሰው እንደሌለ ትዝ ሲለኝ ነው ምላጩን ያስቀመጥሁት። በማግሥቱ ቀጠልሁ።

መሐል አንድ ሰኞ ዲሬክተሩ ቢሮዬ ገባ።

“ጓዲት፣ እሑድ እሑድ ቁሐር ምን አለሽ?”

“ፊደል እማራለሁ” አልሁት።

ሊቆጣ ወይ ሊስቅ ግራ ገባውና ወጣ። እውነቴን እንደሆነ አላወቀም።

የድጋሚው ፈተና ደረሰ። መምህሩ ጽፎ አመጣልኝ። ራጁ ላይ በፈለፈልሁት ቅርጽ ጫርሁት፤ የመጀመሪያውን ቅጂ አውጥቼ ከራሱ ጽሑፍ ጋር መስመር በመስመር አስተያየሁ። ነጥቦቹ ሁሉ አሉ። ጥቁር፣ ክብ፣ ከፊደሉ እኩል የወፈሩ። ከዚያ አስጠራሁት።

ቅጂውን ይዞ ቆመ። ፊቱ ሲበራ አየሁት።

“ይህን ማን ሠራው?”

“እኔ ነኝ። ቁጭ ይበሉ፤ የምነግርዎ አለ።”

በዚያ ቢሮ ውስጥ ሲቀመጥ የመጀመሪያው ነው። የጥር ወሩን ፈተና ከፊቱ አስቀምጬ ነገርሁት። አላየውም፤ ወረቀቱን ገልብጦ አስቀመጠው።

“አውቃለሁ” አለ።

“መቼ ነው ያወቁት?”

“ውጤቱ በተለጠፈ ማግሥት። አንዷ ልጅ ‘መምህር፣ ትክክል ነው የቀነስሁት’ ብላ ወረቀቷን አመጣችልኝ። አየሁት። ያን ጊዜ ግን ለአውራጃው ተልኳል። ብናገር ማን ጻፈው ይባላል። አንቺ እዚህ ማን አለሽ? እኔን የሒሳብ አስተማሪ ስለማይገኝ አይነኩኝም አልሁ። ደግሞም ሳላይ ፈርሜያለሁ፤ ግለ ሒሱ ሙሉ በሙሉ ውሸት አይደለም።”

“ለምን አልነገሩኝም ታዲያ?”

“አንቺስ ለምን አልነገርሽኝም?” አለ። የወቀሳ ድምፅ አልነበረውም። ሁለታችንም ወር ሙሉ አንድ ነገር ይዘን፣ በአንድ ግድግዳ ተለያይተን፣ ዝም ብለን ኖረናል።

ሲወጣ በሩ ላይ ቆሞ፣ “አሁንም አትናገሪ። ልጆቹ ካለፉ ይበቃል” አለኝ።

ልጆቹ አለፉ። ሁሉም ባይሆኑ አብዛኞቹ አለፉ። በወሩ ስብሰባ ላይ ዲሬክተሩ በጣም ተደስቶ ተነሣና፣ ጓድ መምህሩ በሒስ ታርሞ ድክመቱን ማስወገዱን፣ ይህም ለሁላችንም ትምህርት መሆኑን ተናገረ። ሰው አጨበጨበ። የሒሳብ መምህሩ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል። እኔ “በሒስ ታርሞ” የሚለውን እየጻፍሁ ሳለ እጄ ቆመ። እንዴት እንደተነሣሁ አላስታውስም።

“ጓዶች፣ መምህሩ አላጠፋም። ያጠፋሁት እኔ ነኝ” አልሁ።

ድምፄ ሰኞ ጠዋት እንደሚሆነው ተዘግቶ ነበርና ድገሚው አሉኝ። ደገምሁት። የጥር ወሩን ፈተና ከቃለ ጉባኤው መዝገብ አውጥቼ ለዲሬክተሩ ሰጠሁት። ወረቀቱን አየ፣ እኔን አየ፣ እንደገና ወረቀቱን አየ። አንድ ሰው ከኋላ “አሻጥር ነው” አለ። ያን ጊዜ የሒሳብ መምህሩ ተነሥቶ፣ “ሰም ነው። ቀዳዳ የደፈነ ሰም ነው። እኔም ሳላይ ፈርሜያለሁ” አለ። ዲሬክተሩም ነገሩ ለአውራጃ እንዲሰማ አልፈለገም። እሱ ራሱ ያላጣራውን ልኳልና። በማስጠንቀቂያ ታለፍሁ። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤውን የሚጽፍ ሌላ ሰው ስላልነበረ እኔው ታይፕ አደረግሁት፣ ለፊርማ አቀረብሁት፣ ተፈርሞ ሲመለስ መዝገብ ላይ አስፍሬ ለራሴ ሰጠሁ።

ከዚያ ወዲህ ሐሙስ ሐሙስ መምህሩ ሲመጣ ይቀመጥ ነበር። ስለ አገሩ ያወራኛል። አንድ ጊዜ ቁሐር አብረን ሄደን የኔታን አየናቸው፤ ማዕዘንና ክበብ ሥሎ አሳያቸው፣ እሳቸውም የሐረግ አሣሣል አሳዩት። ስንመለስ ዝም ብለን ነው የተጓዝነው፤ ያ ዝምታ ግን እንደ ሌላው ዝምታ አልከበደኝም። አራት ወር ያህል እንዲህ ሆነ። ካልሁት በላይ አልነበረም፤ ሊሆን ይችል ነበር ወይ ብዬ ራሴን የምጠይቅበት ቀን አለ።

ሰኔ ላይ የዝውውር ደብዳቤ መጣ። በጥር የተጻፈው ግለ ሒስ ከአውራጃው ፋይል አልወጣም ነበርና ርቆ ወደ ወሎ ጠረፍ ተመደበ። ያን ደብዳቤም ገልብጬ የጻፍሁት እኔ ነኝ። የሄደ ዕለት በደብረ ታቦር በኩል በሚሄድ የጭነት መኪና ላይ ሻንጣውን አስጭኖ እጁን ዘረጋልኝ። “በርቺ” አለኝ። “እርስዎም” አልሁት። እስከዚያ ቀን ድረስ “እርስዎ” ማለቱን አልተውሁም ነበር።

ክረምቱ ገባ፤ ሜዳው እንደገና በውሃ ተዋጠ፤ ወደ ቁሐር በታንኳ ካልሆነ መሻገሪያ የለም። የኔታ በነሐሴ አረፉ። የሰማሁት ከተቀበሩ በኋላ ነው፤ ዘበኛው ናቸው ያረዱኝ።

በጥቅምት ከመምህሩ አንድ ደብዳቤ ደረሰኝ። ያለበት ትምህርት ቤት ማባዣ አግኝቷል፣ የሒሳብ ምልክት ግን በእጅ እየተጻፈ ልጆቹ እየተቸገሩ ነው፤ “ቢቻልሽ እንደዚያ ያለ አንድ ሥሪልኝ” ይላል። ከጤና ጣቢያው ነርስ አሮጌ ራጅ ለመንሁ። የማን እንደሆነ አላውቅም። ሦስት ሳምንት ሠራሁበት። የሰባቱን ቤት ፊደል በሙሉ፣ ቁጥሩን፣ ምልክቱን ሁሉ፤ የኔታ በወስፌ የነጠቡልኝን ወረቀት እያየሁ። ከሥራዎቼ ሁሉ የተሻለው እሱ ነበር። በካርቶን መሐል አድርጌ፣ በጨርቅ ሰፍቼ፣ በዚያ መንገድ ለሚሠራ አንድ ሾፌር ሰጠሁት።

ሾፌሩ ሲመለስ፣ “ደሴ ላይ ለሌላ መኪና አስረክቤዋለሁ፣ ይደርሳል” አለኝ። ያኛው መኪና የማን እንደሆነ አያውቅም። በሚቀጥለው ሲመጣ ጠየቅሁት፣ በሚቀጥለውም ጠየቅሁት። በኋላ በዚያ በኩል ጦርነቱ ተጠጋና መንገዱ ተዘጋ፤ ሾፌሩም በዚያው ጠፋ። ሁለት ደብዳቤ ጻፍሁ፤ መልስ አልመጣም። ወረታ ከዚያ በኋላ ስድስት ዓመት ተቀመጥሁ፤ ራጁ ደረሰው አልደረሰው እስካሁን የነገረኝ ሰው የለም።